አድማጭ ሲመርጥ ለምን ሁሌ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ይቀድማል?

የጃዝ ወዳጆችን ሰብስባችሁ «ከአልበሞች ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክርክሩ እስኪነጋ ሊሄድ ይችላል። ድምፅ ይሰጥ ከተባለ ግን ውጤቱ ብዙም አያስገርምም። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ ካልሆነም እዚያው ጫፍ ላይ ነው። የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ጎኑ ይቀመጣል። የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» እና የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ አህ አም» ከኋላ ይከተላሉ። ጠያቂው ይቀያየራል፣ ዓመቱ ይቀያየራል፤ እነዚህ ስሞች ግን ከቦታቸው ብዙም አይነቃነቁም።

ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ጃዝ ለጆሮ ይከብዳል የሚባል ሙዚቃ ነው። ታዲያ ኖታ የማያነብ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ አድማጭ ከዚያ ሁሉ አልበም መሃል እንዴት ሁሌ እነዚህኑ ያወጣል? ዝና ነው የሚሉ አሉ። ዝና እንዳለበት እኔም አልክድም። ግን ከዝናው በፊት ሸክላው ላይ የተሠራ ነገር አለ። ዛሬ ያንን ነገር በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አድማጩ እንዲመርጥ የተጠየቀው አልበም ነው። ሙዚቀኛ ምረጥ ቢባል ዝርዝሩ ሌላ ይሆን ነበር።

በ1920ዎቹ የነበረው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ነው። ሉዊ አርምስትሮንግ ከ1925 እስከ 1928 «ሆት ፋይቭ» እና «ሆት ሰቨን» በሚባሉ ቡድኖቹ የቀረጸው ሙዚቃ ጃዝን ከደቦ ጨዋታ ወደ አንድ ሰው ሶሎ ያሻገረ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ትራምፔት ነፊ ሁሉ የሱ ዕዳ አለበት። ግን ሥራው የወጣው በተበታተነ የ3 ደቂቃ ሸክላ ነው። ቻርሊ ፓርከርም እንደዚሁ። ዘመናዊ ጃዝን ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ በ1955 ገና በ34 ዓመቱ አረፈ። አብዛኛውን ትልቅ ሥራውን የሠራው በዚያው በአጭሩ ሸክላ ነው። ስለዚህ የአልበም ምርጫ ሲደረግ ሁለቱም ወደ ታች ይወርዳሉ። ይሄን ያላስተዋለ ሰው «አድማጭ አርምስትሮንግን እንዴት ይረሳል?» ብሎ ይቆጣል። የተጠየቀው ጥያቄ ነው እሱን ያስቀረው።

በ1948 የአሜሪካው ኮሎምቢያ ኩባንያ ረጅሙን ሸክላ፣ «ኤልፒ» የሚባለውን አወጣ። ዝግ ብሎ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ይዞራል። በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ይይዛል። በ1950ዎቹ የጃዝ ሰዎች በዚህ ምን ማድረግ እንደሚቻል ገባቸው። ሶሎ እስኪበቃው መሄድ ቻለ። አምስት ስድስት ሥራ በአንድ ስሜት መያያዝ ቻለ። አድማጩም መርፌውን አስቀምጦ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ 20 ደቂቃ ሳይነሳ መስማት ለመደ። ተመራጮቹ አልበሞች በብዛት ከ1955 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ውስጥ የታጨቁት አንድም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ።

«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተቀረጸው በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ በሁለት ቀን ብቻ ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ 30ኛው መንገድ ላይ የነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። ቤቱ ስቱዲዮ ከመሆኑ በፊት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ድምፁ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ዛሬ ሕንጻው የለም፤ ፈርሷል። ማይልስ ዴቪስ ትራምፔት፣ ጆን ኮልትሬን ቴነር ሳክስፎን፣ ካነንቦል አደርሊ አልቶ ሳክስፎን፣ ፖል ቻምበርስ ቤዝ፣ ጂሚ ኮብ ድራም። ፒያኖው ላይ ቢል ኤቫንስ፤ አንዱ ሥራ ላይ ብቻ ዊንተን ኬሊ። አምስት ሥራ አለው። ማይልስ ይዞ የመጣው የተጠናቀቀ ኖታ ሳይሆን ፍንጭ የመሰለ ንድፍ ነበር። ከአምስቱ አራቱ፣ ቡድኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ የተጫወተው የመጀመሪያው ሙከራ እንዳለ የገባባቸው ናቸው።

እንዴት ቢሆን ነው ያለ በቂ ልምምድ እንዲህ የሚወጣው? የአልበሙ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ጃዝ በኮርድ የሚነዳ ነበር። ኮርድ ማለት ሦስት አራት ድምፅ አንድ ላይ ሲመታ ነው። ሙዚቃው በሄደ ቁጥር ኮርዱ ይቀያየራል። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ለእያንዳንዱ ኮርድ የሚስማማውን ድምፅ እዚያው በዚያው እየፈጠረ መሮጥ አለበት። ኮርዶቹን እንደ ታክሲ ፌርማታ አስቡዋቸው። በየሃምሳ ሜትሩ ፌርማታ አለ። ታክሲው እየበረረ ነው። ሹፌሩ ደግሞ አንዱንም መዝለል አይችልም። በ1940ዎቹ የመጣው ቢባፕ የሚባለው ስልት ይሄን ጥግ ድረስ ወሰደው። ጎበዝ ሲጫወተው አፍ ያስከፍታል። አዲስ አድማጭ ግን ምኑን ልያዝ እያለ ሙዚቃው ያልቅበታል።

ማይልስ ፌርማታዎቹን አነሳቸው። በኮርድ ጋጋታ ፈንታ አንድ ስኬል፣ ማለትም በተራ የተደረደሩ ጥቂት ድምፆች፣ ሰጥቶ፣ ተጫዋቹ እዚያው ውስጥ እንደልቡ እንዲመላለስ ተወው። ሞዳል ጃዝ ይባላል። ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቅኝት ነው በቃ። ትዝታ የሚጫወት ሰው በትዝታ ገብቶ በትዝታ ይወጣል። ችሎታው የሚለካው በእነዚያው ጥቂት ድምፆች ስንት ነገር መናገር እንደቻለ ነው። ልዩነት አለ በእርግጥ። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ ማይልስ በብዛት የተጠቀመባቸው ሰባት ሰባት አላቸው። ሐሳቡ ግን ዘመድ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ «ሶ ዋት» ይባላል። በእኛ አፍ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እንደማለት ነው። ያለው ሁለት ቅኝት ብቻ ነው። ፒያኖ አጠገባችሁ ካለ ከሬ እስከ ሬ ነጭ ነጩን ቁልፍ ብቻ ምቱ፤ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሁለተኛው ያው ራሱ ሆኖ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) በመጀመሪያው፣ 8 ባር ከፍ ባለው፣ ከዚያ 8 ባር ተመልሶ በመጀመሪያው። 32 ባር ሆነ። ሲያልቅ እንደገና ይዞራል። የመጀመሪያው ቅኝት ላይ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያሉ ማለት ነው። ለተጫዋቹም ለአድማጩም ትንፋሽ መሰብሰቢያ አለው።

አንድ እሁድ ይሄን ሥራ ለአጎቴ አሰማኋቸው። አጎቴ ክራር ይጫወታሉ። ለቤተሰብና ለጎረቤት ሠርግ ነው እንጂ መድረክ ወጥተው አያውቁም። ጃዝን «ጩኸት ነው» ብለው ከዘጉት ቆይተዋል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ፒያኖና ቤዝ ቀስ ብለው ገቡ፤ ምት የሌለው የሚመስል መግቢያ ነው። ከዚያ ቤዙ አንድ ሐረግ አለ። ሌሎቹ በሁለት ድምፅ መለሱለት። ቤዙ ደገመ። እነሱም ደገሙለት። አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አውጪና ተቀባይ ናቸው እኮ!» አሉ።

ልክ ናቸው። ቤዙ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቆየት ብሎ ያንኑ ሐረግ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ሲጫወቱት ደግሞ ቀና አሉ። «ቅኝቱን ቀየረው» አሉ። ትንሽ ጠብቀው «ይኸው ተመለሰ» አሉ። ኮርድ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰው የሙዚቃውን አጥንት በመጀመሪያ መስማት ያዙት። አድማጮች ለምን ይሄን አልበም እንደሚመርጡ የገባኝ ያኔ ነው። ከጎበዝ ተጫዋቾች ሁሉ ጎበዞቹ እየተጫወቱ እንኳ ክሩ ከሰሚው እጅ አያመልጥም።

ከዚያ የማይልስ ሶሎ አለ። ሊጀምር ሲል ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንዴ ይለዋል። ድምፁ ይሰፋል፣ ቀስ እያለ ይደክማል፤ የማይልስ የመጀመሪያ ድምፆች ከሥሩ ብቅ ይላሉ። ቁጥብ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ድምፅ ይልና ዝም ይላል። ዝምታውም የሶሎው አካል ነው። ደጋግማችሁ ከሰማችሁት ሳታስቡት ታንጎራጉሩታላችሁ። ተከትሎ ኮልትሬን ይመጣል። በዚያው ቅኝት፣ በዚያው ምት፣ ፍጹም ሌላ ሰው ነው፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ይከምራል። ካነንቦል ደግሞ ሞቅ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ጠባይ አለው። አንድ ቤት ተቀምጠው ሦስት ዓይነት ወሬ ሲያወሩ እንደመስማት ነው።

ቢል ኤቫንስ በሸክላው ሽፋን ጀርባ ላይ በጻፈው ማስታወሻ ይሄን አሠራር ከአንድ የጃፓን የቀለም ሥዕል ጋር ያመሳስለዋል። ሠዓሊው የሚሥለው ስስ ብራና መሰል ወረቀት ላይ ነው። እጁ ካመነታ ወረቀቱ ይበላሻል። መሰረዝና ማረም የለም። አልበሙን ስሰማ ይሄ ምሳሌ ሁሌ ይመጣብኛል።

አንድ ጉድ ልጨምር። በማርች 2 ቀረጻ ላይ ዋናው የቴፕ ማሽን በትክክለኛው ፍጥነት አልሄደም፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነበር። ስለዚህ ቴፑ በትክክለኛ ማሽን ሲጫወት ሙዚቃው ፈጠን አለ፣ ድምፁም ከፍ አለ። የሸክላው አንደኛ ገጽ በሙሉ፣ ማለትም ሦስቱ ሥራዎች፣ ከ30 ዓመት በላይ እንደዚያው ሲሸጥ ኖረ። የታረመው በ1992 በወጣው እትም ነው። አብረው ሊጫወቱ የሞከሩ ሙዚቀኞች መሣሪያቸው አልገጥም ሲላቸው የኖረው በዚህ ነው። አድማጩ ግን በተሳሳተው ፍጥነትም ቢሆን ወዶት ነበር።

አልበሙ በአሜሪካ ብቻ የ5 ሚሊዮን ሽያጭ ማረጋገጫ ያገኘው በ2019 ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በወጣ በ50ኛ ዓመቱ፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ለክብሩ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ድምፁ 409 ለ0።

የቅኝትና የኮርድ ልዩነት በጆሮ እንዲገባችሁ ከፈለጋችሁ ቀጥላችሁ የኮልትሬንን «ጃይንት ስቴፕስ» ስሙ። ይሄው ኮልትሬን «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ጨርሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በሜይ መጀመሪያ፣ ሌላ ስቱዲዮ ገባ። የአልበሙ መጠሪያ በሆነው ሥራ ላይ ከ20 በላይ ኮርድ ከ15 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልፋል። ኮልትሬን ቤቱ ሲለማመደው ስለኖረ እንደ ውሃ ይፈሳል። ፒያኖ ተጫዋቹ ቶሚ ፍላናጋን ግን ተራው ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ሐረጉ ይቆራረጥና መጨረሻ ላይ ኮርዱን ብቻ እየመታ ያልፋል። ፍላናጋን ትንሽ ተጫዋች አልነበረም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ያንኑ ሥራ በራሱ አልበም ላይ በሚገባ ተጫወተው። ሙዚቀኞች «ጃይንት ስቴፕስ»ን እንደ ፈተና ያዩታል። አድማጮችም ያከብሩታል፤ ግን እንደ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ማታ ማታ አይከፍቱትም።

1959 ጉደኛ ዓመት ነው። በዚያው በ30ኛው መንገድ ስቱዲዮ፣ በዚያው ዓመት፣ «ሚንገስ አህ አም» እና «ታይም አውት» ተቀረጹ።

«ታይም አውት» የምት አልበም ነው። ዴቭ ብሩቤክ በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ባዘጋጀው የሙዚቃ ጉዞ ላይ ኢስታንቡል ደርሶ፣ የመንገድ ላይ ሙዚቀኞች በ9 ምት ሲጫወቱ ሰማ። የኛው ጃዝ ለምን በ4 ምት ብቻ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። አልበሙ ላይ ያለው «ቴክ ፋይቭ» የሳክስፎን ተጫዋቹ የፖል ዴዝመንድ ድርሰት ነው። ሲቆጠር «አንድ-ሁለት-ሦስት-አንድ-ሁለት» ይላል። 5 ምት ለጆሮ እንግዳ ነው። ታዲያ ለምን አላስቸገረም? ፒያኖው ያችኑ አጭር ሐረግ ይዞ ስለማይለቅ ነው። የድራም ሶሎው ላይ እንኳ አይለቃትም። አሁንም ያው ነገር ነው፤ ሰሚው የሚይዘው ክር አለው። አልበሙ አንድ ሚሊዮን ቅጂ በመሸጥ የመጀመሪያው የጃዝ አልበም ሆነ። ዴዝመንድ በ1977 ሲሞት የ«ቴክ ፋይቭ»ን ገቢ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ተናዞ አለፈ። ገቢው ዛሬም እዚያው ይሄዳል።

ሚንገስ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ቤዝ ተጫዋች፣ ቁጡ፣ ሆደ ባሻ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ በማርች 1959 ሞተ፤ ሚንገስ በሜይ ለሱ የሠራውን የሐዘን ዜማ ቀረጸ። «ጉድባይ ፖርክ ፓይ ሃት» ይባላል፤ ያንግ ያደርግ የነበረውን ባርኔጣ ነው። ሙሾ ማለት ይሄ ነው። እዚያው አልበም ላይ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር ባቆመው የአርካንሳስ ገዥ በኦርቫል ፎበስ ላይ የሚያላግጥ ሥራ አለ። ኮሎምቢያ ግጥሙ እንዲዘፈን ስላልፈቀደ ያለ ግጥም ወጣ። ግጥሙን በቀጣዩ ዓመት በሌላ ኩባንያ ዘፈነው።

«ኤ ላቭ ሱፕሪም» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለይብኛል።

ኮልትሬን ለዓመታት የሄሮይን ሱሰኛ ነበር። በ1957 ተወው። በራሱ ቃል እንደጻፈው ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ጸጋ መንፈሳዊ መንቃት አገኘ። ይሄ አልበም የዚያ ምስጋና ነው። ዲሴምበር 9፣ 1964፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ በአንድ ቀን ተቀረጸ። ከሱ ጋር ማኮይ ታይነር በፒያኖ፣ ጂሚ ጋሪሰን በቤዝ፣ ኤልቪን ጆንስ በድራም ነበሩ። አራት ክፍል አለው። በድምሩ 33 ደቂቃ ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የተገነባው በአራት ድምፅ ላይ ነው። ቤዙ ይጀምራታል። ኮልትሬን ሶሎውን ጨርሶ ያችኑ አራት ድምፅ ይይዝና ወደ 12ቱም የድምፅ መነሻዎች ያዞራታል፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ። የማይገባበት በር የቀረ አይመስልም። ከዚያ ሳክስፎኑን አውርዶ በገዛ ድምፁ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» እያለ ይደጋግማል። ለካ አራቱ ድምፅ አራት ክፍለ ቃል ነበሩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንሰማው የቆየነው ሙዚቃ ቃል ነበር።

አራተኛው ክፍል ስሙ «መዝሙር» ነው፤ እንደ ዳዊት መዝሙር። ኮልትሬን የጻፈው የምስጋና ግጥም ሽፋኑ ውስጥ ታትሟል። ግጥሙን በእጃችሁ ይዛችሁ ክፍሉን ከሰማችሁ አንድ ነገር ታያላችሁ። ሳክስፎኑ ግጥሙን እያነበበ ነው። ቃል በቃል፣ ክፍለ ቃል በክፍለ ቃል። «አምላክ ሆይ አመሰግንሃለሁ» የሚለው ሐረግ በመጣ ቁጥር ዜማው በዚያው ዓይነት አወራረድ ይወርዳል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዳዊት የሚደግም ሰው አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ አይሰማም፤ የት እንደደረሰ ግን ከአወራረዱ ታውቃላችሁ። ለእኔ የመጨረሻው ክፍል እንደዚያ ነው። ኮልትሬን በ1967 በ40 ዓመቱ አረፈ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በስሙ የተሰየመ፣ የአፍሪካን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አካል የሆነ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የአምልኮው ሙዚቃ የሱ ሙዚቃ ነው።

አድማጭ ከሃያሲ የሚለይበት ቦታ ይሄ ይመስለኛል። ሃያሲ ማን ምን ጀመረ፣ ማን ማንን ቀየረ ብሎ ይመዝናል። ለዚህ ነው የኦርኔት ኮልማን «ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ካም»፣ ፒያኖውን ጭራሽ ያስወጣው የዚያው የ1959 አልበም፣ በሃያሲያን ዘንድ ትልቅ ቦታ የሚይዘው። አድማጭ የሚያስታውሰው አብሮት ያደረ አልበም ነው። የቢል ኤቫንስን «ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ነው የሚመርጠው። ጁን 25፣ 1961፣ ኒውዮርክ ምድር ቤት ያለ ክለብ። ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል፣ ሰው ያወራል። የ25 ዓመቱ ቤዝ ተጫዋች ስኮት ላፋሮ ከፒያኖው ጋር እኩል እየተነጋገረ ይጫወታል። ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። ይሄን አውቆ የሰማ ሰው ያንን የብርጭቆ ድምፅ አይረሳውም።

የኪት ጃሬት «ዘ ኮልን ኮንሰርት»ም እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 24፣ 1975፣ ጀርመን። ዝግጅቱን ያሰናዳችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችው ቬራ ብራንደስ ናት። አዳራሹ ውስጥ የቆመው ግን የታዘዘው ፒያኖ አልነበረም። ትንሽ የመለማመጃ ፒያኖ ነው። ላይኛው ድምፁ ቀጭን፣ ታችኛው ደካማ፣ ፔዳሉም በቅጡ አይሠራም። ጃሬት ደክሞታል፣ ጀርባውን ያመዋል፣ አልጫወትም ሊል ነበር። መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ከላይና ከታች እየሸሸ መሃሉን ያዘ። ለታችኛው ድምፅ ድክመት ግራ እጁ ያችኑ ሐረግ እየደጋገመ ካሳ ከፈለ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆነው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል እዚያው የተፈጠረ ነው። በዓለም እጅግ ከተሸጡት የብቸኛ ፒያኖ አልበሞች አንዱ ሆነ። ድግግሞሹን ልብ በሉ፤ መጥፎው ፒያኖ ያስገደደው ነገር ራሱ ነው ለአድማጭ መያዣ የሆነው።

ይሄ ሁሉ ማለት አድማጭ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ዳውንቢት የተባለው የጃዝ መጽሔት ከ1936 ጀምሮ አንባቢዎቹን ድምፅ ያሰጣል። በ1952 የክብር መዝገብ ሲጀምር አንባቢዎቹ መጀመሪያ ያስገቡት ሉዊ አርምስትሮንግን ነው። ደግ አደረጉ። በ1953 የዳንስ ባንድ መሪውን ግሌን ሚለርን፣ በ1954 ሌላውን የባንድ መሪ ስታን ኬንተንን መረጡ። ከጃዝ ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዱክ ኤሊንግተን ግን እስከ 1956 ጠበቀ። ዛሬ ይሄን ቅደም ተከተል የሚከላከል ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። አድማጭ ዙሪያው የሚሰማውን ይመርጣል፤ ሬዲዮ ያጫወተለትን፣ ሱቅ ያገኘውን። «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ያወጣው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ሸክላው ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ጃዝ ልጀምር ያለን ሰው ሁሉ «በዚህ ጀምር» እንለዋለን። የመጀመሪያ ፍቅሩ ይሆናል። ድምፅ ሲሰጥም መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው።

ሴቶች ከላይኛው ረድፍ የሚጠፉትም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከዘፋኞቹ ከኤላ ፊትዝጀራልድና ከቢሊ ሆሊደይ በቀር ብዙም አይጠሩም። እኔ ብሆን የአሊስ ኮልትሬንን «ጀርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ»ን ያለማመንታት ከላይ አስገባለሁ። የጆን ባለቤት ነበረች፤ አልበሙ የወጣው እሱ ካረፈ በኋላ በ1971 ነው። ሃርፕ ትጫወታለች፣ የበገናችን ሩቅ ዘመድ ማለት ነው። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይዞ ይዞራል፤ የሷ ጣቶች ላዩ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። ለ«ኤ ላቭ ሱፕሪም» ልቡ የተነካ ሰው ይሄን ቢሰማ አይቆጭም።

መገኘት ምን ያህል ምርጫን እንደሚቀይር የእኛው የሙላቱ አስታጥቄ ታሪክ ያሳያል። ሙላቱ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ቅንብር ጋር አጋባ። የሚያስቸግረው ቅኝቱን ሳያጠፉ ኮርድ ማልበስ ነበር፤ እሱ ቻለበት። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ1972 ኒውዮርክ ተቀረጸ። ለዓመታት ከጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ አልወጣም። በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 4ኛ ቅጽ የሱን ሥራዎች ለዓለም አወጣ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ ገባ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ወጣት የጃዝ ሰሚዎች ከሚወዱት አልበም መሃል ሲጠሩት ትሰማላችሁ። እኔ ስሙን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ግን ያ ሙዚቃ በ1972ም ያው ነበር።

መጀመር ለምትፈልጉ ብዙ አልጭንባችሁም። «ሶ ዋት»ን ክፈቱና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሌላውን ለሁለተኛ ጊዜ ተዉት። ስልክ ስፒከር ላይ ቤዙ ይጠፋል፤ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ቅኝቱ ከፍ የሚልበትን ቦታ ከያዛችሁ አልበሙ ተከፍቶላችኋል። ከዚያ የመጨረሻውን፣ «ፍላሜንኮ ስኬቸስ»ን ስሙ። እዚያ አምስት ስኬል አለ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች እያንዳንዱ ላይ እስኪበቃው ቆይቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚሻገረው። መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው እሱ ነው። የሌሎቹ ሥራ አብረውት መሻገር ነው።

አጎቴ በሌላ እሁድ ራሳቸው «ያን አውጪና ተቀባይ አምጣው» አሉኝ። ክራራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አብረው ሊጫወቱ ሞከሩ። ገመዶቹን ፈታ አጠበቅ ሲያደርጉ ቆዩና የቤዙን ሐረግ የሚመስል ነገር አገኙ። ድምፁ ሁሉ አልመጣላቸውም፤ አውጪው ማን እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ከፍ የሚልበት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከገመዱ አነሱ። «እዚህ ጋ ሁሉንም እንደገና መቃኘት ይኖርብኛል፤ አይደርስልኝም» አሉ። 8ቱን ባር በአፋቸው አዜሙት። ሲመለስ ወደ ክራሩ ተመለሱ።